የፈረመ ይጠየቃል፣ ያዘገየ ይታለፋል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን የሥራ ባህል

ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት ወሬ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ሰው ነው። «ሠራተኛው ሰነፍ ነው»፣ «ኃላፊው ጉቦኛ ነው»፣ «መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ትሕትና አልፈጠረባትም» ይባላል። እኔ ሕግ ተምሬ በዚሁ ሙያ ከመንግሥት ቢሮዎች ጋር ስመላለስ በኖርኩባቸው ዓመታት ያስተዋልኩት ነገር ግን ከዚህ ይለያል። አንድ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ትኩስ ሆኖ ይቀጠራል። ለባለጉዳይ ከወንበሩ ይነሳል፣ መመሪያ ያነባል፣ የጠፋ ፋይል መዝገብ ቤት ወርዶ ፈልጎ ያመጣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው «ነገ ይመለሱ» ማለትን ለምዶ ይገኛል። ይኸው ወጣት ወደ ግል ባንክ ወይም ወደ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሲዛወር ደግሞ እንደገና ቀልጣፋ ይሆናል። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው የገባበት ቤት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ምን ዓይነት ሰዎች ቀጠርን?» ከሚለው ይልቅ «የቀጠርናቸውን ሰዎች ቢሮው ምን ያስተምራቸዋል?» የሚለው ሊሆን ይገባል እላለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያ ትምህርት ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የሠራተኛውን ጠባይና ውጤት እንዴት እንደሚቀርጽና በየጊዜው የመጡት የማሻሻያ ፕሮግራሞች ለምን ሊረቱት እንዳልቻሉ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የሥራ ባህል ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ መስክ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው አሜሪካዊው ምሁር ኤድጋር ሻይን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድን ድርጅት ባህል በሦስት ደረጃ ከፍሎ አስቀምጦታል። የመጀመሪያው በዓይን የሚታየው ነው፤ የቢሮው አቀማመጥ፣ ማን ለማን እንደሚነሳ፣ በደረት ላይ የሚንጠለጠለው ባጅ፣ በር ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር። ሁለተኛው በይፋ የሚነገረው እምነት ነው፤ በግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈው ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት። ሦስተኛው ማንም የማይናገረው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ግምት ነው፤ በዚህ ቤት ምን ያስመሰግናል? ምን ያስወነጅላል? ዝም ማለትስ መቼ ይሻላል?

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጋጩ ዘወትር የሚያሸንፈው ሦስተኛው ነው። ግድግዳው «ግልጽነት» ይላል፤ ሠራተኛው ግን ተራ መረጃ ሰጥቶ የተገሰጸ ባልደረባውን አይቷል። ግድግዳው «ፈጣን ምላሽ» ይላል፤ ሠራተኛው ግን ፈጥኖ የፈረመው ሰው በኦዲት ጊዜ ብቻውን ቆሞ ሲመልስ አይቷል። ሰው ከሚነበብለት ይልቅ ካየው ይማራልና ግድግዳው ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ከደጅ ጥናት እስከ ቢሮ

ይህ ያልተጻፈ ግምት ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በአገራችን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባለጉዳይ ጉዳዩን የሚያስጨርሰው ደጅ በመጥናት ነበር። ደጅ የሚጠናው የሰው ደጅ ነው፤ ሥልጣኑም የሚኖረው በቦታው ሳይሆን በሰውየው ላይ ነበር። የጌታው ፊት ሲፈታ ጉዳይ ይፈታል፣ ሲጨልም ይዘገያል። ማስጠበቅ ራሱ የሥልጣን መገለጫ ነበር። ዛሬ በኮሪደር ወንበር ላይ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ ሰው ሳያውቀው የዚያ ልማድ ወራሽ ነው።

ሠራተኛን በብቃት የመቅጠርና በደረጃ የማሳደግ ሥርዓት በሕግ የቆመው በኋላ ነው። የማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ በትእዛዝ ቁጥር 23 የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። ይህም የቅጥር ፈተናን፣ የደመወዝ እርከንንና የግል ማኅደርን አመጣ። በሰው ላይ የነበረውን ሥልጣን ወደ ወረቀት ማዛወሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። ወረቀቱ ግን ቀስ በቀስ ሌላም አገልግሎት አገኘ፤ ለሠራተኛው መከለያ ሆነ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየቢሮው የካድሬ ዓይን ተጨመረ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከትግሉ ሜዳ የመጣው ግምገማ ገባ። ግምገማ በመልካም ጎኑ አለቃን በሠራተኛው ፊት ያቆመ አሠራር ነው። ሆኖም ስብሰባው መማሪያ ከመሆን ይልቅ መወንጀያ በሆነባቸው ቤቶች ሠራተኛው የቀሰመው ትምህርት አንድ ነው፤ የማይሠራ ሰው ስህተት የለበትም፣ ስህተት የሌለበትም አይገመገምም። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት የቢሮ ሕግ ሆነ።

ሁለት ስህተቶች፣ አንድ ቅጣት

የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መወሰን የሌለበትን መወሰን ነው። ሁለተኛው መወሰን ያለበትን አለመወሰን ነው። ለባለጉዳዩና ለአገሪቱ ሁለቱም ጉዳት ናቸው። በቢሮዎቻችን ግን የሚያስቀጣው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ከዓመታት በፊት የአንድ ጡረተኛ ጉዳይ ይዤ ነበር። ሰውየው ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገሉ ሲሆን መጀመሪያ የተቀጠሩበት መሥሪያ ቤት ከሌላ ጋር ተዋህዶ ስሙም ሕንፃውም ተቀይሯል። የጡረታ አበላቸው እንዲወሰን የሚፈለገው የመጀመሪያዎቹን የአገልግሎት ዓመታት የሚያረጋግጥ አንድ ደብዳቤ ነበር። የቅጥር ደብዳቤያቸውም ሆነ የሕይወት ታሪክ ፎርማቸው በማኅደሩ ውስጥ አለ። የጎደለው የጥቂት ወራት የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ነው። ጉዳዩ የደረሰው ባለሙያ ያሉት ሰነዶች በቂ መሆናቸውን አምኗል፤ ለመጻፍም ሥልጣን ነበረው። ነገር ግን «ለአስተያየት» ብሎ ወደ ሕግ ክፍል መራው። ሕግ ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ፋይናንስ ወደ መዝገብ ቤት፣ መዝገብ ቤት ተመልሶ ወደ ባለሙያው ላከው። ባለሙያው በግል ሲያነጋግረኝ ነገሩን ያለ ሐፍረት አስረዳኝ፤ ደብዳቤውን ጽፎ ነገ ኦዲተር ቢመጣ ስሙ ያለው እዚያ ላይ ነው፣ ባይጽፍ ግን ማንም ጠርቶ አይጠይቀውም። ጉዳዩ ያለቀው በአስራ አንደኛው ወር ነው። ያለቀውም በመጀመሪያው ቀን በማኅደሩ በነበሩት በእነዚያው ሰነዶች ነው። በመካከሉ አንድ የስድሳ ዓመት ሰው የልጃቸውን እጅ ሲጠብቁ ከረሙ።

ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም። ሒሳቡም ትክክል ነበር። የተበላሸው ይህን ሒሳብ ትክክል ያደረገው ቤት ነው።

የሚገርመው በሕጉ ሲታይ ነገሩ እንዲህ አለመሆኑ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ጉዳይን ሆን ብሎ ማዘግየትንና ባለጉዳይን ማጉላላትን ከባድ የዲሲፕሊን ቅጣት ከሚያስከትሉ ጥፋቶች ተርታ አስቀምጠዋል። በሕጉ ዓይን ጉቦ መቀበልና ባለጉዳይን ሆን ብሎ ማጉላላት በአንድ ዝርዝር ውስጥ ያሉ ጥፋቶች ናቸው። በእኔ የሥራ ዘመን በሰዓት አለማክበር፣ በንብረት ጉድለት፣ በጠብ፣ በሐሰተኛ ማስረጃ ብዙ ሠራተኞች ሲከሰሱ አይቻለሁ። ፋይል በማዘግየት ብቻ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የቀረበ ሰው ግን ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይበዛል። በሌላ በኩል በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት ሥልጣንን ያለአግባብ መጠቀም የሚያስከትለው የእስራት ቅጣት በየቢሮው ይታወቃል፤ ይፈራልም። ፍርሃቱ ሌባውን ቢያቆመው መልካም ነበር። ሌባው ግን አደጋውን በዋጋው ውስጥ አስልቶ ይገባበታል፤ እጁን የሚሰበስበው ንጹሑ ሠራተኛ ነው።

ወረቀት እንዴት ወደ ላይ ይወጣል?

ከዚህ ሒሳብ የሚወለዱትን ልማዶች የመንግሥት ቢሮ ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው ምሪት ነው። በማመልከቻው ኅዳግ ላይ «ይታይ»፣ «አስተያየት ይቅረብበት»፣ «በመመሪያው መሠረት ይፈጸም» ተብሎ ይጻፋል። የመጨረሻው ምሪት በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ትእዛዝ ይመስላል፣ ነገር ግን ምንም አልወሰነም። ቢሳካ «ይፈጸም ብያለሁ» ያሰኛል፣ ቢበላሽ «በመመሪያው መሠረት ነው ያልኩት» ያሰኛል።

ሁለተኛው ኮሚቴ ነው። አንድ ሰው ሊወስነው የሚችለው ነገር ለአምስት ሰዎች ይሰጣል። ቃለ ጉባኤው ላይ አምስት ፊርማ ሲያርፍ ኃላፊነቱ ለአምስት ተከፍሎ የማንም አይሆንም። ሦስተኛው ግልባጭ ነው፤ በደብዳቤው ግርጌ የሚደረደሩት ስሞች «እናንተም ታውቁ ነበር» ለማለት የተቀመጡ ምስክሮች ናቸው። አራተኛው ውክልና አለመስጠት ነው። ኃላፊው ሥልጣኑን ስለማያካፍል እሱ ስብሰባ ሲገባ ቢሮው አብሮት ስብሰባ ይገባል። ማኅተሙና ቲተሩ በተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ውለው ያድራሉ።

አምስተኛው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። ባየኋቸው ቤቶች ብዙው ሠራተኛ በየስድስት ወሩ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። አለቃው ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጥ ቅሬታ፣ ኮሚቴና ጠብ ይከተለዋል፤ ከፍተኛ ነጥብ ቢሰጥ ምንም አይከተለውም። ስለዚህ አስር ፋይል የዘጋውና ሁለት ፋይል የዘጋው እኩል ይመዘናሉ። የዘጋው ሰው ይህን ሲያይ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ምሁር መሆን አያስፈልግም።

ባለጉዳዩም ከዚህ ባህል ይማራል። ወደ ቢሮ ከመሄዱ በፊት የሚጠይቀው «ምን ሰነድ ያስፈልጋል?» ብሎ ሳይሆን «እዚያ ሰው ታውቃለህ?» ብሎ ነው። ጉዳይ በተፈጥሮው የሚዘገይ ከሆነ ማፋጠን ሸቀጥ ይሆናል፤ ሸቀጥ ደግሞ ዋጋ ያወጣል። ሙስናን በመፍራት የተወለደው መዘግየት ለሙስና ገበያ የሚከፍትለት በዚህ መንገድ ነው።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጽሑፍ ደንብ ለዓላማ ማስፈጸሚያ ተብሎ ወጥቶ ቀስ በቀስ ራሱ ዓላማ እንደሚሆን አስረድቷል። ሠራተኛው «ባለጉዳዩ አገልግሎት አገኘ ወይ?» ማለቱን ትቶ «ፎርሙ ተሟላ ወይ?» ማለት ይጀምራል።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለችው ተመራማሪ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ያገኘችው ውጤት ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው ጥናቷ ጥሩ አመራር ያላቸው የነርስ ቡድኖች ከሌሎቹ የበለጠ ስህተት ተመዝግቦባቸው ተገኙ። ነገሩ ሲመረመር የበለጠ ሳይሳሳቱ አይቀሩም ለማለት አያስችልም ነበር፤ በእነዚህ ክፍሎች ሠራተኛው ስህተቱን መናገር ስለማይፈራ ነው የሚመዘገበው። ስህተት የማይሰማበት ቢሮ ስህተት የሌለበት ቢሮ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ለእኛ ቀረብ ያለው ደግሞ የናይጄሪያው ጥናት ነው። ኢምራን ራሱልና ዳንኤል ሮገር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጽሑፍ በናይጄሪያ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የተያዙ ከ4,700 በላይ ፕሮጀክቶችን መርምረዋል። ባለሙያው በሥራው ላይ የመወሰን ነፃነት በተሰጠባቸው መሥሪያ ቤቶች ፕሮጀክቶች በተሻለ መጠን ተጠናቀዋል። ቁጥጥርና ማበረታቻ በበዛባቸው መሥሪያ ቤቶች ግን የተጠናቀቁት ፕሮጀክቶች ያነሱ ነበሩ። ደመወዝ ዝቅተኛ፣ ሙስናም ብርቱ በሆነባት አገር የተገኘ ውጤት በመሆኑ «ይህ ለአፍሪካ አይሠራም» ብሎ ለማለፍ ያስቸግራል።

ማሻሻያዎቹስ?

መንግሥት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር አምስት ንዑስ ፕሮግራሞች ነበሩት፤ የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር፣ የሰው ሀብት አስተዳደር፣ የአገልግሎት አሰጣጥ፣ የከፍተኛ አመራር ሥርዓትና ሥነ ምግባር። ቀጥሎ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ወይም ቢፒአር መጣ፣ ውጤት ተኮር ምዘና ተከተለ፣ ካይዘንም የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት እ.ኤ.አ. በ2011 ከጃፓን ተሞክሮ ተቀዳ፤ የለውጥ ሠራዊትና የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም ታየ። ሁሉም ከንቱ ነበሩ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በርካታ ቢሮዎች ግድግዳ አፍርሰው በአንድ አዳራሽ ማስተናገድ የጀመሩት በዚያን ጊዜ ነው። የቀናት ሥራ ወደ ሰዓታት የወረደባቸው አገልግሎቶችም አሉ።

ሆኖም ማሻሻያዎቹ የነኩት በብዛት ሻይን የመጀመሪያና ሁለተኛ ያላቸውን ደረጃዎች ነው። መምሪያ ኃላፊው «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ፣ ቆይቶም «ዳይሬክተር» ሆነ፤ ወረቀቱ ግን በዚያው ደረጃ ወደ ላይ መውጣቱን ቀጠለ። ከስሙ ጋር ሊመጣ የሚገባው የመወሰን ሥልጣንና በቅን ልቦና ለተወሰነ ውሳኔ የሚሰጠው ጥበቃ አልመጣም። እንዲያውም ማሻሻያው ራሱ የሪፖርት ሥራ ሆነ። ሠራተኛው በሳምንት የተወሰነ ጊዜውን ስለ ሥራው ቅጽ በመሙላት ያሳልፍ ጀመር፤ ቅጹም በአፈጻጸም መቶኛ ተሞልቶ ይወጣል።

ባህል እንደሚለወጥ የሚያሳይ ምስክር ከሩቅ መፈለግ የለብንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም በአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ እገዛ ነበር። ሠራተኞቹ የእኛው ወንድሞችና እህቶች ናቸው፤ የተማሩትም እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት ነው። በአቪዬሽን ሙያ በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት ያገኘው መርህ በቅን ልቦና የተፈጸመ ስህተትን ሪፖርት ያደረገ ሰው እንዳይቀጣ፣ የደበቀው ግን እንዲጠየቅ ነው። ቴክኒሺያኑ ሠርቶ ይፈርማል፤ ፊርማው የሙያ ክብሩ ነው። እርግጥ አየር መንገዱ የራሱ ገቢ ያለው የንግድ ድርጅት ስለሆነ ከአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ሆኖም «ሐበሻ ተፈጥሮው ነው» የሚለውን ሰበብ ዋጋ ለማሳጣት ይበቃል።

«ደመወዙስ?» ለሚሉኝ

ሁለት ተቃውሞዎች ሁልጊዜ ይነሳሉ። አንደኛው ደመወዝ ነው። እውነት ነው፤ የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ወጪ ደመወዙን ውጦት ያደረ ሠራተኛ ፈገግ ብሎ እንዲያስተናግድ መጠበቅ ይከብዳል። መንግሥትም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ባስታወቀው ማስተካከያ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ እንዲል ወስኗል። ኑሮው ከዚህም በላይ ይጠይቃል። ነገር ግን የጡረተኛውን ፋይል የያዘው ባለሙያ ደመወዙ በእጥፍ ቢጨምር ኖሮ ይፈርም ነበር? አይመስለኝም። ደመወዙ ሲጨምር የሚያጣው ነገር ይበዛልና ፍርሃቱም አብሮ ይጨምራል።

ሁለተኛው «ለባለሙያ ሥልጣን ከሰጠህ ይሸጠዋል» የሚለው ነው። የሚሸጥ አይጠፋም። ግን ሥልጣን ሲባል ያለ ምክንያት መወሰን ማለት አይደለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በምክንያት የተደገፈ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ቅር የተሰኘም ሰው በተቋሙ ውስጥ ቅሬታ አቅርቦ እስከ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መንገድ ከፍቷል። ስሙና ምክንያቱ በጽሑፍ የሰፈረበት የአንድ ሰው ውሳኔ ከአምስት ሰው ዝምታ ይልቅ ለቁጥጥር ይመቻል።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው አዲስ መፈክር አይሆንም። ከላይ ያልኩት ሒሳብ መገልበጥ አለበት፤ ማዘግየት ከመወሰን ይልቅ አደገኛ እንዲሆን ማለቴ ነው። ለዚህም አራት ነገር በቂ መነሻ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፋይል የቆይታ ቀን ይቆጠርለት። በቻርተሩ ከተጻፈው ቀን ሲያልፍ የያዘው ሰው ለምን እንደያዘው በጽሑፍ ያስረዳ። ዝምታም እንደ ውሳኔ ይቆጠርና ይጠየቅበት። ሕጉ ማጉላላትን ከባድ ጥፋት ካለው ዓመታት አልፈዋል፤ የቀረው እንደተጻፈው መሥራት ነው።

ሁለተኛ፣ በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት የተሰጠ ውሳኔ ኋላ ቢሳሳትም ወሳኙን የማያስቀጣ መሆኑ በመመሪያ ይጻፍ፤ ኦዲተሩም መርማሪውም ይህን ይወቁት። ኦዲተር «ለምን ፈረምክ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን ሳትፈርም ቆየህ?» ብሎም ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ውክልና በስም ሳይሆን በጉዳይ ዓይነት ይሰጥ። የትኛው ጉዳይ በየትኛው መስኮት እንደሚያልቅ በር ላይ ይለጠፍ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የብዙ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ማምጣቱ መልካም ጅምር ነው። ዘላቂነቱ የሚወሰነው ግን በሕንፃው ውበት ሳይሆን መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይደውል መጨረስ በመቻሉ ነው።

አራተኛው የኃላፊው ነው። ሠራተኛ አለቃው የሚናገረውን ያዳምጣል፤ የሚከተለው ግን አለቃው የሚያደርገውን ነው። በወር አንድ ቀን መስኮቱ ላይ ተቀምጦ የሚያስተናግድ፣ ሠራተኛው ሲሳሳት «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» ብሎ ከፊቱ የሚቆም፣ ለሚዘጋው ፋይል በስም የሚያመሰግን ኃላፊ ካለ ያ ቢሮ ያለ አንድ ስልጠና ይለወጣል። እንዲህ ያሉ ኃላፊዎች አጋጥመውኛል። ከስፍራቸው ሲነሱ ቢሮው ወደ ቀድሞው መመለሱንም አይቻለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጋር ካልተጣመረ አራተኛው የአንድ ሰው ቸርነት ሆኖ ይቀራል፤ በሰው ቸርነት የሚፈታ ጉዳይ ደግሞ ያው ደጅ ጥናት ነው።